ሲስተር አሰለፈች አውቶቡሱ ያመለጣት ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጫጫ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ጋሼ ሙላትን አገኘሁት። «አገኘኋቸው» ማለት ነበረብኝ፤ ዕድሜውም፣ ድሮ የተቀመጠበት ወንበርም አንቱ የሚያስብል ነው። አልልም። ለምን እንደማልል አንብባችሁ ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ። ገብስ በጫነ አይሱዙ ጥግ ከነፋሱ ተከልሎ ቆሟል፤ ያን ቡናማ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው። «የሲስተር ልጅ አይደለሽም?» አለኝ። የእህቷ ልጅ ነኝ አልኩት። «አዎ! ምላሰኛዋ!» ብሎ ሳቀ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቅን። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ እግሬን አንስቼ ልገባ ስል ክንዴን ያዝ አደረገና፣ «አክስትሽ ጎበዝ አዋላጅ ናት፣ ማንም አይክድም። ፖለቲካ ግን አልሆነላትም። ለአንዲት ሴት ብላ የስንቷን ሴት ዕድል አስበላች» አለኝ። ረዳቱ በሩን ድርግም አደረገው። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን መልሴ የመጣልኝ ጫጫን ከለቀቅን በኋላ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ብቻዬን ሳጉተመትም ዞር ብሎ አየኝና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

ስለዚህ ልጻፈው። ጓደኞቼ «ትዝታ የአሮጊት ሥራ ነው፣ አንቺን ምን ቸገረሽ» ይሉኛል። እዚህ አገር ግን ለማርጀት ብዙ ዓመት አያስፈልግም። የማወራው ዘመን ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚሄድ ሰው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ጭቃው ማለቱ የነበረበት ዘመን ነው። ሻይ ሁለት ብር ነበር፤ ዛሬ በሁለት ብር ብርጭቆውንም አያሳዩሽም። ዛሬ የተፈናቃዮች መጠለያ የተተከለበት ሜዳ በግ የሚውልበት ሣር ነበር፤ ዛሬ እዚያ ድንኳን ውስጥ ያሉት ሰዎች ያኔ ወለጋ በገዛ ማሳቸው በቆሎ ይሸለቅቁ ነበር። እኛ ሴቶቹ ታይት ለብሰን ከላይ አጭር ቀሚስ እንደርባለን፤ ብርዱ ጉልበታችንን ሲቆረጥመው «ፋሽን ነው» እንላለን። ዘፈን የምንሰማው ሞባይል ቤት ሄደን ሚሞሪ ካርድ አስሞልተን ነው። የሚሞላልን ልጅ የራሱን ምርጫ ስለሚጭን ከተማው ሁሉ፣ ከጠባሴ እስከ መናኸሪያ፣ ያንኑ ዘፈን ነበር የሚያንጎራጉረው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ደግሞ አልችልም። ስለዚህ አክስቴ በሄደችበት ሁሉ ቦርሳዋን ይዤ እከተላት ነበር።

አክስቴ አሰለፈች አዋላጅ ነርስ ናት። አገሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ እኔ «እትዬ» እላታለሁ። ከአንኮበር ወደ ቆላው በሚወርደው አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ጉልምስናዋን ጨርሳለች። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም፤ እናቴ ስታርፍ እኔን ወሰደችኝ። ለክልል ምክር ቤት ስትወዳደር ቅስቀሳ የሚባል ነገር አላስፈለጋትም። በገበያ መሀል ስታልፍ አንዷ ልጇን በጆሮው ይዛ፣ «ሲስተር፣ ይኼን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ አስቸግሮኛል፣ መልሺው!» ትላታለች። እሷም፣ «ያዋለድኳቸው ሁሉ ለምርጫ ቢደርሱ ተወዳዳሪ አይገኝልኝም ነበር» እያለች ትስቃለች። ተመረጠች። ባሕር ዳር ለስብሰባ ስትሄድ የምትለብሰው አንድ ሰማያዊ የሱፍ ኮት ነበራት፤ በከሰል ካውያ የምተኩሰው እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ አቃጥዬው በነጠላ ሸፍናው ነው የከረመችው። ምክር ቤት ውስጥ ስም አወጡላት፤ «ሲስተር ደም»። ስለ መንገድም ስለ ግብርም ሲወራ እጇን ታወጣና «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ መድማት ስትጀምር…» ብላ ትጀምራለች። ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለጤና ጣቢያዋ የቀዶ ጥገና ክፍል። አንድ ክፍል፣ ከነሐኪሙ። የአፋፉ ሥር ሴቶች ምጥ ሲጠናባቸው ወይም ደም አልቆም ሲላቸው ደብረ ብርሃን ድረስ መውጣት አለባቸው፤ አምቡላንሷ ደግሞ አንዲት ናት፤ አንዷን ይዛ ስትሄድ ሌላዋ በቃሬዛ ትወጣለች። ስትለምን ስትለምን በዚያ ዓመት ጉዳዩ ከተጨማሪው በጀት ጋር እንዲታይ ተፈቀደ። ነገር ግን የሚሠራው አንድ ክፍል ነው፣ ከሌላ ዞንም የሚፈልገው አለ። «ተነስቶ የሚናገርለት ያጣ ጥያቄ ወረቀት ነው፤ ያልፉታል» አለችኝ እትዬ። ለዚህ ነው ያ ጉባኤ ሊያመልጣት የማይገባው።

ጋሼ ሙላት ከጎረቤት የምርጫ ክልል የተመረጠ ነው፤ መምህር ነበር፤ ወሬው ጣፋጭ፣ ካፖርቱ ሁልጊዜ የተቦረሸ። አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ ከመራጮች ጋር ስንነጋገር ውለን አድረን፣ በማግሥቱ ማለዳ ሦስታችንም በአንድ ፒክአፕ ወደ ደብረ ብርሃን ተነሳን። የዞኑ ተወካዮች አውቶቡስ እዚያ አደባባዩ ላይ ይጠብቃል፤ መንገድ ላይ አድሮ ለማግሥቱ ጉባኤ ይደርሳል። ያ አውቶቡስ ካመለጠ በሕዝብ ማመላለሻ ተሂዶ ለጉባኤው መክፈቻ አይደረስም። ሾፌሩ ደምስ ዘፈኑን ከፍቷል፤ ጉሙ መስታወቱ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጥፏል።

አንዱ ጥምዝ ላይ ደምስ ፍጥነቱን ቀነሰና «ጀናዛ ነው» አለ። ዘፈኑን አጠፋ፤ መኪናውን ዳር አስያዘ። በኛ አገር ቃሬዛ አይታለፍም። ሕያው የተኛበት ከሆነ ወርደህ ትከሻህን ትሰጣለህ፤ አስከሬን ከሆነ ወርደህ ቆመህ ታሳልፋለህ። ክርስቲያን ሁን ሙስሊም ሁን፣ ልብስህ ንጹሕ ይሁን አይሁን፣ ለውጥ የለውም። ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ወጡ፤ ቡሉኮ ከራስ እስከ እግር የተከናነበ ሰው ተሸክመዋል። ጩኸት የለም፤ የቆላ ሙስሊሞች አስከሬን ሲሸኙ አይጮሁም፣ ይፈጥናሉ። እነዚህም ይፈጥናሉ። ወረድን፤ ጋሼ ሙላት ባርኔጣውን አወለቀ፤ እኔ ነጠላዬን ዝቅ አደረግሁ።

እትዬ ግን አንገቷን አጣመመች። «ወዴት ነው የሚቀብሩት? መቃብሩ ታች አይደል?» አለች። ከዚያ ከኋላ የተሸከመውን ሰውዬ ትከሻ አየች፤ ጋቢው ቀልቷል። ሄደች ሳይሆን ዘለለች።

«ሰይድ! ማናት?»

ሰይድ ያለችው ከፊት የተሸከመው ጎልማሳ ነው። «ዘሃራ ናት ሲስተር! ባለቤቴ! ሌሊት ወለደች፤ ሕፃኑ ደኅና ነው፣ ቤት ትተነዋል፤ ደሙ ግን እምቢ አለ። ወላሂ ሞታ አይደለም!»

«ታዲያ ለምን እንደ ሬሳ ሸፈናችኋት?»

«አራስ አይደለች? ምች እንዳይመታት ነዋ!»

ለአራስ ምች ይፈራል፤ ከነፋስም ከፀሐይም ትከለላለች። እነሱም ሲከልሏት ፊቷ መንጣቱን፣ ከሥሯ ያለው መራሱን ማንም አላየም። እኛም ሬሳ ነው ብለን ቆመን ልናሳልፋት ነበር። «ምቹ ይቆይላችሁ! ግለጧት!» ብላ ጮኸች እትዬ። አንድ ሽማግሌ «ሲስተር፣ ነፋሱ…» ሲል ዞር ብላም አላየችው። ቡሉኮውን ገፈፈችው። ያቺ ልጅ በኔ ዕድሜ ነበረች።

እውነት ለመናገር ጋሼ ሙላትም አልቦዘነም፤ ካፖርቱን ጥሎ በአንድ ጎን አንስቷል። ከኋለኛው ወንበር ላይ አጋደምናት፤ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ፣ እግሯ ወደ ላይ። ወንዶቹ ከኋላ መጫኛው ላይ ተሳፈሩ። «ፌስታል!» አለችኝ እትዬ። ለመንገድ የያዝነውን ዳቦ ዘርግፌ ፌስታሎቹን ሰጠኋት፤ እጇ ላይ አጠለቀቻቸው፣ በወንበሮቹ መሀል ተንበረከከች፣ አንድ እጇን ከውስጥ፣ ሌላውን ከሆዷ በላይ አድርጋ ማሕፀኑን በሁለት እጇ መሀል ጨመቀችው። «አልቋጠረም። እስኪቋጥር እኔ ነኝ የምቋጥረው። ደምስ፣ ንዳ።»

ዘሃራ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ሕፃኑስ?» አለች።

«ቤት ነው፤ ያለቅሳል። የሚያለቅስ ልጅ አይታሰብለትም። አንቺ አታውሪ» አለቻት እትዬ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር እትዬ በግንባሯ የፊቱን ወንበር ትመታለች፤ እጇን አታላላም። ላቧ አፍንጫዋ ላይ ሲንጠለጠል በነጠላዬ እጠርግላታለሁ። ስልኳ ይጮኻል። አነሳሁና ጆሮዋ ላይ አስደገፍኩት፤ ከአውቶቡሱ ነው። «ሲስተር፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሯል፤ የት ናችሁ?» «እየመጣን ነው» አለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። እንደገና።

ሜዳው ላይ ወጥተን የከተማው ባሕር ዛፍ ሲታይ ጋሼ ሙላት ከፊት ዞረ። «ደምስ፣ አደባባዩ ይቀድማል። መጀመሪያ እኛን አውርደን።»

«እኛ ማለት ማን ነው?» አልኩት።

«ሲስተርና እኔ ነና።»

«ሲስተር እጇ የት እንዳለ እያየህ?»

«አንቺ ዝም በይ፤ ትልቅ ሰው ሲነጋገር…» አለኝና ወደ እሷ ዞረ። «ሲስተር፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው እኮ። ለዚች ልጅ አሳዪያትና እሷ ትያዝ። ይህቺ አንዲት ሴት ናት፤ ነገ የሚወሰነው ለሁሉም ነው። አንቺ ራስሽ አይደለሽም ስትዪ የከረምሽው?»

ያለው ነገር እውነት መሆኑ ነው የከፋው። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። «እችላለሁ» አልኳት።

«አትችይም። ጉልበት አይደለም። ከእጄ ሥር ሲላላ የሚታወቅ ነገር አለ፤ ካላወቅሽው ሞተች ማለት ነው።» ከዚያ ለሱ፣ «ሙላት፣ ሂድ። እስክገላገል ከጠበቃችሁኝ እሰየው፤ ካልጠበቃችሁኝ ግን አንተ ተነሳና ተናገርልኝ። ሌላ ነገር አያስፈልግህም፤ ዛሬ ያየኸውን ብቻ ንገራቸው። ቆመን ልናሳልፋት እንደነበር ንገራቸው።»

«በእናቴ ሞት እናገራለሁ» አለ። እንዲህ ነው ያለው፤ አጠገቡ ነበርኩ። አደባባዩ ላይ ወረደ፤ ካፖርቱን እያራገፈ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ነርሶቹ ተቀበሉን፤ ሐኪሙ ግን ሌላ ሴት ላይ ቀዶ ጥገና እየሠራ ነበር። «ሲስተር፣ እንደያዝሽ ቆዪ» አሏት። ደም ተፈለገ፤ ሰይድ ክንዱን ሰጠ፣ ተሸካሚዎቹም ተሰለፉ። ለመጨረሻ ጊዜ ስልኩ ሲጮህ እትዬ በራሷ ነቀነቀችልኝ፤ እኔው አንስቼ «ሂዱ» አልኳቸው። ሐኪሙ መጥቶ ሲረከባት ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋት እንደ ዶሮ እግር ተጨብጠው ቀሩ፤ ሻይ በኔ እጅ ነው ያጠጣኋት። ዘሃራ ተረፈች።

በማግሥቱ ሆስፒታሉ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባን፤ ጉባኤው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ባለቤቷ ሙዚቃ እያየች ነበር፤ ለምነን አስቀየርናት። ስለ ሌላው ዞን ክፍል አንድ ሰውዬ ተነስቶ ጥሩ ተናገረ። ከዚያ አፈ ጉባኤው «ሌላ አስተያየት ያለው?» አሉ። ካሜራው ዞረ፤ ጋሼ ሙላት ታየ። አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

«ተነሳ» አለች እትዬ ለቴሌቪዥኑ።

አልተነሳም።

«ተነሳ እንጂ! እጅህን አውጣ!»

አንዱ ጠጪ ኳስ የሚታይ መስሎት «ማን ገባ?» አለ። አፈ ጉባኤው ቆም አሉ፤ አዳራሹን ቃኙ። እትዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ በዚያ ባልተፈታ እጇ ይዛ ነበር። ከዚያ «ወደ ድምፅ እንሂድ» ተባለ። እጆች ወጡ፤ የሙላትም እጅ ወጣ። ክፍሉ ለሌላው ዞን ሆነ። እትዬ የሻይዋን ከፍላ ወጣች።

ክረምቱ ሳይወጣ የሰይድን ወንድም የሁሴንን ሚስት፣ ፋጡማን፣ ምጥ ያዛት። አምቡላንሷ ሌላ ቦታ ነበረች፤ ጉሙ ከባድ ነበር፤ ቃሬዛው የመኪና መንገድ ላይ ሲደርስ የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ሕፃኑን መንገድ ላይ ተገላገለች፤ እሷ ግን አልደረሰችም። በዚያው ሳምንት ጎረቤላ የመራጮች ስብሰባ ተጠራ። መድረኩ ላይ እትዬና ሙላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ሁለት የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ። የክፍሉ ነገር ሲጠየቅ ሙላት ቀድሞ ማይኩን ያዘ፤ «ጥያቄው አጀንዳ ሆኖ ቀርቦ ነበር። የሚመለከታቸው ተወካይ ግን አልተገኙም።» እንዲህ ብሎ ውሃውን ጠጣ። እኔ ከኋላ ተነሳሁ። ማንም ሊያስቆመኝ አይችልም ነበር፤ እትዬ ግን ከመድረኩ ላይ «አንቺ፣ ተቀመጪ» አለች። ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ከዚያ ሰይድ ተነሳ። ሊያመሰግናት ነው ብዬ ነበር።

«ሲስተር፣ ዘሃራን አትርፈሽልኛል፤ አላህ ይክፈልሽ፣ በልጆቼ ፊት የምናገረው ነው» አለ። «ነገር ግን ወንድሜ ሁሴን ቤቱ ተቀምጦ ይጠይቀኛል። ያን ቀን ሄዳ ቢሆን ኖሮ ክፍሉ ይመጣ ነበር ወይ ይለኛል። ምን ልበለው? የኔ ቤት ስለበራ የሱ ጨለመ ወይ?»

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ዞረ። አፏን ከፈተች፤ ሙላት ከጎኗ ጠርሙሱን በእጁ ያሽከረክራል። እሱን ለማጋለጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃት ነበር። «ልክ ነህ ሰይድ» አለች። «እኔ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ለሁሴን እንዲያ በለው።»

በመንገድ ላይ ተጣላኋት ማለት ይቻላል፤ «ለምን አላጋለጥሽውም? በእናቱ ሞት ምሎ!»

«ሙላት ገና ወንበሩ ላይ ነው። ዛሬ በሰው ፊት ካዋረድኩት በሚቀጥለው ጉባኤ ለማን ነው የምነግረው? ብቻዬን እጅ አወጣለሁ?»

«ለሰይድስ? እውነቱን ማወቅ የለበትም?»

«የሰይድ ጥያቄ ስለ ሙላት አይደለም፤ ስለ እኔ ነው። ዘሃራ እጄ ላይ ነበረች፤ ፊቷን እያየሁ ነበር። ፋጡማን አላየኋትም። ሕዝብ የሚልከው ሰው ያላየውንም ሰው ማየት አለበት። እኔ እጄ ውስጥ ካለው በቀር አላይም። ነርስ ነኝ።»

ሙላትን በሚቀጥለው ጉባኤም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ለመነችው፤ ጣፋጭ ጣፋጩን ነገራት፣ አልተናገረም። ዘመኗ ሲያልቅ እንድትወዳደር ሲጠይቋት እምቢ አለች፤ ሰማያዊ ኮቷን ለኔ ሰጠችኝና ወደዚያችው ጤና ጣቢያ ወረደች፤ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ነበረች። ዛሬ ጉልበቷ ስላስቸገራት ደብረ ብርሃን ናት፤ መጠለያ ውስጥ የወለደች ስትኖር ግን ማንም ሳይጠራት ትሄዳለች። ተሳስታ ነበር ወይ? እኔ ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ፤ ለዚህ የለኝም። ሙላት ግን አለኝ ብሎ ጫጫ ላይ ቆሞ ያወራል። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

ከስብሰባው በኋላ የሆነውን ግን እሱ አያውቅም፤ አልነበረምና። በማግሥቱ እትዬ «ለቅሶ እንድረስ» አለችኝ። አቋራጩን ወርደን ከሁሴን ቤት ደረስን። ወንዶቹ ደጅ ናቸው፤ ሁሴን አንገቱን እንደደፋ ነው፣ ሰላምታዋን አልመለሰም። ከውስጥ ሴቶቹ አንዷም «ወደዚህ እለፊ» አላለቻትም። በሩ ሥር ተቀመጠች። እኔ እንሂድ ብዬ ነጠላዋን ሳብኩ፤ አልሰማችኝም። ከጓዳ የፋጡማ ሕፃን ድምፅ ይመጣል፤ ቀጭን ነው፣ እየቆየ እየደከመ ይሄዳል። እትዬ ጆሮዋ ወደዚያ ሲሄድ አየሁ። ግን አልተነሳችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ሳይጠሯት አትነሳም። ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ፤ እሷ በሩ ሥር ናት።

በመጨረሻ የሁሴን እናት በትራቸውን ተደግፈው ከጓዳ ወጡ። ሁሉንም አልፈው እሷ ፊት ቆሙ። «ልጄ» አሉ፤ «ዘሃራ ጡቷን ትሰጠዋለች፤ አልይዝ አለ። ከትናንት ጀምሮ እየከዳን ነው። እስቲ እዪልን።»

እትዬ ተነሳች፤ እጅጌዋን ሰበሰበችና ውሃ ፍለጋ ዙሪያዋን አየች። ሁሴን ከደጅ ገባ፤ ጆግና ሳፋ ይዟል። ቀና ብሎ አላያትም። በርከክ ብሎ እጇ ላይ ያፈስላት ጀመር።

«ሞቅ አድርጌዋለሁ» አላት።